የቢንቢዋ ጀርባ

ፎቶ አንሺውን የሰፈሩ ሰው «ፈገግ በሉ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሙሽራም ይምጣ፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ጎረምሳም ይምጣ፣ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ የሚለው ያንኑ ነው። የመታወቂያ ፎቶ ላይ መሳቅ ክልክል ነው ሲሉት፣ «መጀመሪያ ለእኔ ፈገግ በሉ፣ ከዚያ ለመንግሥት ትኮሳተራላችሁ» ይላቸዋል።

ስልክ ሁሉ ካሜራ ሲሆን ፎቶ ቤቱን ዘጋ። መብራቶቹን ለሰው ሰጠ። የጀርባ መጋረጃውን ሚስቱ የአልጋ ልብስ አደረገችው። ዕድሜ ልኩን በጨለማው ክፍል ፎቶ ያጠበባቸውን ሰፋፊ የፕላስቲክ ሳህኖች ግን መጣል አልሆነለትም። ከኩሽናው ጀርባ፣ ከአሮጌ ሸራ ሥር ደረደራቸው።

«ለምንህ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ይቀመጡ። ቀለብ አይጠይቁም።»

ጎረቤቱ አናጢ ነው፤ የእሱ ቅጽል ስም ደግሞ «ሚሊ»። በር ሲገጥም ሆነ ቁም ሣጥን ሲያቆም፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ሚሊ ቀርቷታል» ሳይል ሥራ አይጨርስም። የሁለቱ ሰዎች ሙያ እንደ ባልና ሚስት የተጋባ ነበር፤ አንዱ ያነሳውን ፎቶ ሌላው ፍሬም ይሠራለታል። የሚሊን ሠርግ ያነሳው ፎቶ አንሺው ነው። ዓመታት አልፈው የሚሊ ሚስት ምንነቱ ባልታወቀ ትኩሳት በሞተች ጊዜም፣ ለቀብሯ የሚሆነውን ምስል ከዚያው ከሠርጉ ፊልም ፈልጎ ያጠበው እሱ ነበር። ግቢያቸውን በሚለየው አጥር ላይ ሚሊ አንዲት ትንሽ በር ሠርቷል። መቀርቀሪያ የላትም፤ እጁ የሞላ ሰው በክርኑ ገፍቶ የሚያልፍባት ናት።

ከዚያች በር ወዲያ፣ በሚሊ ጓሮ ኩሬ ነበረች። ትልቅ አይደለችም፤ ሁለት የበር መዝጊያ ጎን ለጎን ቢነጠፍ የምታክል ናት። ሚሊ የቆፈራት ለሚስቱ ነው፤ የውሃ አበባ ትወድ ነበር። እሷ ከሞተች በኋላም አበቦቹ እንደ ልማዳቸው ብቅ ይላሉ፣ ከሥራቸው ጣት የሚያካክሉ ቀያይ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ሚሊ ከሥራ ሲመለስ በርጩማ ስቦ ከዳሯ ይቀመጣል። አይጸልይም፣ አያለቅስም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዳንዴ ፎቶ አንሺው ይሄድና አጠገቡ ይሆናል። ወሬያቸው ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። የፎቶ አንሺው ሚስት ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ከጓሮዋ ካልዋለች ቀኑ የዋለ አይመስላትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚቷን እያከከች ገባች።

«የዘንድሮ ቢንቢ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ነው እንዴ የሚበላው?» አለች።

ፎቶ አንሺው ጋዜጣ እያነበበ ነበርና «እም» ብሎ አለፈው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ጣላት። ራሷን ለሁለት ይከፍላት ጀመር፤ መገጣጠሚያዋን የተመታች ያህል ሆና ከአልጋ መነሳት አቃታት። ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ደም አስወሰደ።

«ቢንቢ የሚያስተላልፈው ትኩሳት ይመስለኛል» አለ። «ዓይነቱን ውጤቱ ይነግረናል። እስከዚያ ፈሳሽ ይውሰዱ፣ ይረፉ። እርስዎ ደግሞ ጋሼ፣ ቢንቢው የት እንደሚፈለፈል ይፈልጉ። ምንጩ ካልደረቀ ነገ ሌላ ሰው ይተኛል።»

ፎቶ አንሺው ሚስቱን ደግፎ ወደ ቤት ሲሄድ ሐሳቡ ወዲያ ወዲህ አላለም። በቀጥታ ሄዶ የሚሊ ኩሬ ላይ አረፈ።

በዚያው ቀን ሚሊን ከኩሬው ዳር አገኘው።

«ሚስቴን ቢንቢ ነው የጣላት» አለው ቆሞ። «እዚህ አጠገባችን ውሃ ተኝቶ እያለ የምንድንም አይመስለኝም።»

ሚሊ ቀና ብሎ አየው። «ውስጡ ዓሣ አለ እኮ። ዓሣ የቢንቢን እጭ ጠብ ሳያደርግ ነው የሚለቅመው። ይኸው አጎንብስና እይ፤ አንድ እንኳ ካገኘህ እኔ እውጠዋለሁ።»

«ዓሣህ ቢሠራ ኖሮ እሷ አልጋ ላይ አትሆንም ነበር።»

ሚሊ አልተቆጣም። መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበ። «እሺ። በግምት አንጣላ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ ከግቢያችሁ የያዛችሁትን ቢንቢ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን ይላል። ፎቶ አንሺ አይደለህ? አንሳና ላክ። ከዚህ ነው የመጣችው ካሉህ በገዛ እጄ እደፍናታለሁ። ሰው ከኩሬ ይበልጣል።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ፎቶ አንሺው በማግስቱ አንዲት ቢንቢ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ በብርጭቆ ያዘ። ብርጭቆውን በካርቶን ከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆያትና ስትደነዝዝ ነጭ ጨርቅ ላይ አወረዳት። ከዚያ በኋላ የሠራው ሙሽራ ሲያነሳ እንደሚሠራው ነበር። መብራቱን ከኋላ በኩል አደረገላት፣ በመስታወት መልሶ ፊቷ ላይ ጣለው። ክንፏ እንደ ቀጭን ሐር አበራ፤ እግሮቿ በብርሃን ጠርዝ ተከበቡ። ከጎን አነሳት። ፎቶ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ እንዲህ ያማረለት ሥራ አልነበረም። ለጥቂት ደቂቃ የሚስቱን ሕመም ረስቶ ምስሉን እያየ ተቀመጠ። ከዚያ ማስታወቂያው ላይ ወዳለው ቁጥር ላከው።

መልሱ በድምፅ መጣ። የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የነፍሳት ባለሙያ ነኝ። ፎቶዎ በጣም ያምራል፤ እንዲህ ያለ ደርሶኝ አያውቅም። ግን ከጎን ስለሆነ ጀርባዋ አይታየኝም። እግሯ ላይ ያለው ነጭ ነገር የራሷ ቀለበት ይሁን የመብራቱ ነጸብራቅ መለየት አቃተኝ። ከሁለቱ አንዷ ናት። አንደኛዋ ኩሬና ቦይ ውስጥ የምትፈለፈል፣ ሲመሽ የምትናከስ ናት። ሌላዋ እቤት ዕቃ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ የምትፈለፈል፣ ቀን የምትናከስ ናት። ጀርባዋን ከላይ፣ በተራ ብርሃን፣ ሳያሳምሩ ያንሱልኝ። እስከዚያ ይቺ ናት ብዬ መናገር አልችልም።»

«ሳያሳምሩ» የምትለዋ ቃል ቆጠቆጠችው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው አሳምርልኝ ሲለው ነው የኖረው። ቢሆንም ደግሞ ሊያነሳት ካሜራውን አነሳ፤ ቢንቢዋ ግን ነፍስ ዘርታ ከጨርቁ ላይ ሄዳለች። ሌላ እይዛለሁ ብሎ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሲራመድ ሚስቱ ከመኝታ ቤት ጠራችው። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ሲገባ ድድዋ እየደማ ትራሱን አቅልሞታል።

በዚያ ቀን ሆስፒታል ተኛች። አጠገቧ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠብ ጠብ የሚለውን ጉሉኮስ ሲያይ ዋለ። ነርሷ ገብታ የደም ልኬቷ መውረዱን ለሌላዋ ነርስ ስትነግራት ሰማ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻለም። ተነስቶ በቀጥታ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

የንጽሕና ክፍሉ ኃላፊ በጭቃ የተለወሰ ቦቲ ጫማውን ሳያወልቅ ጠረጴዛ ላይ ያንቀላፋ ሰው ነበር። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ዕረፍት የለውም። ፎቶ አንሺው ምስሉን አሳየው።

«የነፍሳት ባለሙያዋ አይታዋለች» አለው።

«ምን አለች?»

«ኩሬ አለች።»

አላለችም አይባልም፤ ኩሬ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቷል። ፎቶ አንሺው ይህን ለራሱ በደንብ ነግሮታል። ስልኩን አንስቶ «ድምፅዋን ላሰማህ?» ለማለትም አፉን ከፍቶ ነበር፤ ኃላፊው ግን ቀደመው።

«የታመመ ሰው አለ?»

«ሚስቴ። ሆስፒታል ናት።»

«ይበቃል» አለና መዝገቡን ዘጋ። «ጠዋት ሰዎች እልካለሁ።»

ሠራተኞቹ ሲመጡ ሚሊ አልነበረም። ማዶ ሰፈር ለሚሠራ አዲስ ቤት በር ሊገጥም በጠዋት ወጥቷል። የውጭ በሩ ተቆልፏል። ሠራተኞቹ «ባለቤቱ እስኪመጣ ሌላ ቦታ ሠርተን እንመለስ» ብለው ፓምፓቸውን ሊያነሱ ሲሉ፣ ፎቶ አንሺው «በዚህ በኩል መግቢያ አለ» አላቸው። በአጥሩ ላይ ያለችውን ትንሽ በር በክርኑ ገፍቶ ከፈተላቸው።

ውሃው ቶሎ ነው ያለቀው። የውሃ አበቦቹ ጭቃው ላይ ተለጠፉ። ዓሦቹ እየተንፈራገጡ መታየት ሲጀምሩ ፎቶ አንሺው ደነገጠ፤ ስለ እነሱ አላሰበም ነበር። ሮጦ ባልዲ አመጣ፣ ከቧንቧ ሞላ፣ ጭቃው ውስጥ ገብቶ በእጁ እየለቀመ ከተታቸው። ሠራተኞቹ ጉድጓዱን በፍርስራሽና በአሸዋ ሞልተው፣ ረግጠው ደልድለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ባልዲውን ሲያየው ዓሦቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። የቧንቧው መድኃኒት ይሁን ድንጋጤው አላወቀም።

ሚሊ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። የመሣሪያ ሣጥኑን እንደ ያዘ ከተደለደለው አፈር አጠገብ ቆመ። ፎቶ አንሺው የሚመጣውን ሁሉ ሊቀበል፣ ስድብም ይሁን ቡጢ፣ ወደ አጥሩ ተጠጋ። ሚሊ ግን ፊቱን ሳያዞር ነው የጠየቀው።

«መልስ መጣ እንዴ?»

«መጣ።»

«ምን አሉ?»

«ኩሬ ነው አሉ።»

ሚሊ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠ። ትከሻው አብሮ የወረደ መሰለ። «እንግዲያው እኔ ነኛ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኛ ያሳመምኳት።»

ያኔ መናገር ይቻል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ «ገና አልተጣራም» ማለት። ፎቶ አንሺው ግን ሚሊ ስላመነው ነገሩ እውነት የሆነ መሰለው። ሰው የራሱን ውሸት ሌላ ሰው ሲያምንለት እንዴት እንደሚደላው የደረሰበት ያውቃል።

በማግስቱ ሚሊ ብርቱካን በከረጢት ይዞ ሆስፒታል መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ከአልጋው ግርጌ ቆመ። ሴትዮዋ ትኩሳቷ በረድ ብሎላት ነበር።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«አንተ ደግሞ ምን አደረግክ ወንድሜ?»

«ኩሬዋ ናት ያሳመመችሽ። ባለሙያ አረጋግጧል። እኔ አሻፈረኝ ብዬ ነበር። ዓሣ አለ፣ ምን አለ እያልኩ ስከራከር አንቺ ልታልፊብኝ ነበር።» ብርቱካኑን ከአልጋው ጎን አስቀመጠ። «ዓሣው የሚጠብቀን መስሎኝ ነው እንጂ…»

«ተወው እባክህ፣ አውቀህ አደረግከው?» አለችና እጇን ዘረጋችለት። ሚሊ ጎንበስ ብሎ ሳመው።

ፎቶ አንሺው ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ሚሊ እስኪወጣ አልዞረም።

ሚስቱ ድና ወጣች። ጉልበቷ ሲመለስ ጓሮዋ ናፈቃትና ወንበር አስወጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች። ቢንቢው ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ብሶበት እኩለ ቀን ላይ እግሯን ይለበልባት ነበር።

«ኩሬው ተደፈነ አልተባለም?» አለችው ባሏን።

«የተረፈ ይሆናል። ጊዜ ይፈልጋል።»

እሷ ግን በስልክ ቤት ዘመኗ መስመር ተበላሸ ሲሏት የቱ ጋ እንደሆነ ሳታገኝ የማትተኛ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ክንዷ ላይ ያረፈችውን በጥፊ መታቻት። ነጠላዋ ላይ ወደቀች፤ በሆዷ ተደፍታ፣ ጀርባዋ ወደ ላይ። ጥቁር ናት፤ ነጭ መስመሮች አሉባት። ሴትዮዋ በራሷ ስልክ፣ ያለ ምንም መብራት፣ ከላይ አነሳቻትና ባሏን ቁጥሩን ጠይቃ ላከች። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ የነጠላው ክር ሁሉ ይታያል።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ባለሙያዋ ራሷ ነበረች።

«እናቴ፣ ይሄ ፎቶ ግሩም ነው» አለቻት። «ጀርባዋ ላይ ያሉትን መስመሮች አዩዋቸው? ሁለቱ ጎበጥ ያሉት ከዳር፣ ሁለቱ ቀጫጭኖች ከመሃል፤ ልክ ክራር ይመስላሉ። እግሯም ቀለበት በቀለበት ነው። ይቺ የቀን ቢንቢ ናት፤ ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው።»

«ኩሬ ውስጥ የምትፈለፈለዋ ናታ?»

«ኩሬ አይደለም። ዓሣ ያለበት ኩሬማ ጭራሽ። እሷ የምትወደው ዕቃ ነው። በርሜል፣ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህን፣ ዝናብ የሚያጠራቅም ነገር ሁሉ። ብዙ ርቃም አትበርም፤ ከእርስዎው ግቢ ነው የምትሆነው። ሲያገኙት ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሏን የምታጣብቀው ከዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሆነ በደንብ ይፈትጉት።»

«ባለቤቴ ከዚህ በፊት ልኮልሽ አልነበረም?»

«ያ የሚያምረው ፎቶ የእርስዎ ባለቤት ነው? ልከዋል። ግን ከጎን ስለነበር መለየት አልቻልኩም፤ ጀርባዋን ይላኩልኝ ብዬ ብጠብቅ ሳይልኩልኝ ቀሩ።»

ሴትዮዋ አመስግና ስልኩን ዘጋች። ተነስታ ግቢውን መዞር ጀመረች። የበርሜሉ ክዳን ደህና ነው። የአበባ ማሰሮዎቹ ደረቅ ናቸው። ከኩሽናው ጀርባ ሄዳ አሮጌውን ሸራ ስትገልጠው፣ የዝናቡ ውሃ በቀዳዳው እየወረደ የፎቶ ማጠቢያዎቹን ሳህኖች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልቷቸዋል። ውሃው ጥርት ያለ ነው። እጮቹ እንደ ተቆራረጠ ክር ይተጣጠፋሉ፤ ጥላዋ ሲያርፍባቸው ሁሉም በአንዴ ወደ ታች ሸሹ።

ባሏን ጠራችው። መጥቶ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ኩሬ ነው አሉ ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«ወይ ኩሬ ወይ ዕቃ ነው ያለችኝ።»

«እና አንተ ኩሬን መረጥክ።»

«ደም ሳይብሽ ጊዜ… ልትሞችብኝ መሰለኝ። የማደርገው ነገር አጣሁ።»

«እሱ ይገባኛል» አለች። ሸራውን ለቀቀችው። «ሰውየው ግን ከአልጋዬ ግርጌ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ይቅር በይኝ ብሎኛል። አንተ ክፍሉ ውስጥ ነበርክ። እኔም ይቅር ብያለሁ፣ ላልበደለኝ ሰው።» ከዚያ፣ «እኔ ልንገረው ወይስ አንተ?» አለች።

«እኔ እነግረዋለሁ።»

«ዛሬ?»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ።»

በዚያ ቀን አልነገረውም። ሳህኖቹን ሰብሮ ቆሻሻ በሚያነሱት ሰዎች መኪና ላይ ጫነ፤ ይህን ማድረግ ቀላል ነበር፤ መጣል ያቃተው ነገር በአንድ ጠዋት ተጣለ። ወደ ሚሊ መሄድ ግን እግሩ እንቢ አለው። በማግስቱ አጥሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሌላ ቀን ሚሊ በመንገድ ሲያልፍ አይቶ «ሰላም ዋልክ» ብቻ ብሎት አለፈ። ሚሊ ከስቷል። ከሥራ ሲመለስ በርጩማውን አያወጣም፤ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። የፎቶ አንሺው ሚስት በየማታው «ነገርከው?» ትለዋለች፣ እሱ «ነገ» ይላል። አንድ ማታ መጠየቋን ተወች፤ ያ ደግሞ ከጥያቄው የባሰ ነበር። ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

ከዚያ ሚሊ ግቢውን ሊለቅ ነው የሚል ወሬ ሰማ። ሌላ ከተማ ካለች ልጁ ጋ ሊኖር ነው፣ ቤቱን ሊያከራይ ነው ተባለ። ፎቶ አንሺው ያኔ ሄደ። በአጥሩ ትንሽ በር አላለፈም፤ ዞሮ በውጭ በር አንኳኳ።

ሚሊ መሣሪያዎቹን የሚያሽግበት ሣጥን እየሠራ ነበር። ሳንቃ ይልጋል።

«ቁጭ በል» አለው።

ፎቶ አንሺው አልተቀመጠም። «ኩሬዋ አልነበረችም» አለ።

መላጊያው ቆመ። «ምን?»

«ቢንቢዋ ከእኔ ግቢ ናት። ከፎቶ ማጠቢያዎቹ ሳህኖች። ባለሙያዋ ያኔም ኩሬ ነው አላለችም። ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ጀርባዋን አሳየኝና ልንገርህ ነው ያለችው። እኔ ሳላሳያት ግማሹን ይዤ ሄድኩ። ሠራተኞቹንም በዚያች በር ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።»

ሚሊ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ የተጣበቀውን ፍቅፋቂ አንድ በአንድ አነሳ።

«ታዲያ እኔ አይደለሁም» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነው የወጣው። «የእኔዋንም እኔ አይደለሁም።»

«የትኛዋን?»

«ሚስቴን ነዋ። በትኩሳት አይደል የሞተችው? ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። አንተ ኩሬ ነው ካልከኝ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም። በገዛ እጄ ቆፍሬ፣ በገዛ እጄ ገደልኳት እያልኩ። ሚስትህን ይቅር በይኝ ስላት እኮ ለሁለቱም ነበር የምለው። ያቺን ሜዳ እያየሁ መዋል ስላቃተኝ ነው ልጄ ጋ የምሄደው።»

ፎቶ አንሺው ይህን አልጠረጠረም ነበር። የሠራው በደል ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ መስሎት ነበር የመጣው፤ ከኩሬና ከዓሣ የማያልፍ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለ ሚሊ።

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ባለፈው ሳምንት» አለ።

ሚሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቱን አየው።

«ኩሬዋን ስታስደፍን ሚስትህ ደም እየደማች ነበር። በዚያ ሰዓት ሰው እንኳን ኩሬ ቤት ያፈርሳል። እሱን እተውልሃለሁ። በዚህ ሳምንት ግን ሚስትህ ድና ጓሮዋ ውስጥ ናት፣ አንተም እቤትህ ነህ፣ እኔ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ እዚሁ ነኝ። እኔ ገደልኳት እያልኩ ስገላበጥ አንተ አውቀኸው ተኝተሃል።»

«እሷን እንደምታስብ አላወቅኩም።»

«አላወቅክም። ብታውቅ በማግስቱ ትመጣ ነበር?»

ፎቶ አንሺው አዎ ሊል ፈለገ። ግን እርግጠኛ አልነበረም።

«እኔ መልሼ እቆፍራታለሁ» አለ። «ዓሣም አመጣለሁ። አበባውንም…»

«አትቆፍር» አለ ሚሊ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የቆፈርኩላትም ሰው የለችም።» መላጊያውን አነሳና ሳንቃው ላይ አንድ ጊዜ ጎተተው። «ስለ ነገርከኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ። የእሷ ነገር ቀሎኛል።»

ፎቶ አንሺው እስኪያሰናብተው አልጠበቀም።

ሚሊ በዚያው ሰሞን ሄደ። የፎቶ አንሺው ሚስት የተሰናበተችው በር ድረስ ወጥታ፣ አቅፋው አልቅሳ ነው። ፎቶ አንሺው ዕቃ ሲጭኑ አገዘ፤ ሣጥኑን በአንዱ ጫፍ እሱ፣ በሌላው ሚሊ ይዘው አወጡት። «ቀስ፣ የበሩ ደፍ አለ» ከመባባል በቀር አልተነጋገሩም። ቤቱን የተከራዩት ባልና ሚስት መኪናቸውን የሚያቆሙት ኩሬዋ በነበረችበት ቦታ ላይ ነው፤ የተደለደለ መሬት ስላገኙ ደስ ብሏቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው ቢንቢ ሲይዝ ለፎቶ አንሺው ያመጣለታል። ከላይ፣ በተራ ብርሃን ያነሳና ለባለሙያዋ ይልካል። መልሱ ሳይመጣ «ከማን ግቢ ነው?» የሚለው ሰው ካለ፣ «እኔን አትጠይቁኝ» ይላል። ሥራውን አይጠላውም። ደስ ይለዋል ማለት ግን አይደለም።

ለሚሊ አልፎ አልፎ ይደውላል። ሚሊ ያነሳል፣ ደህና መሆኑን ይነግረዋል፣ ዝናቡ እንዴት ነው ይለዋል፣ ከዚያ «እህቴን እስቲ አገናኘኝ» ይላል። ከእሷ ጋር ሲሆን ወሬው ይረዝማል፤ ሳቋ ከኩሽና ድረስ ይሰማል።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ሚሊ የቤቱን ጣሪያ ሊያሳድስ መጣ። ሴትዮዋ ሳይበላ አይሄድም ብላ በግድ አስገባችው። ምሳ በሉ፣ ሻይ ቀረበ። ሚሊ ወፍሯል፤ ልጁ ጋ የልጅ ልጆቹን አልጋ እየሠራ እንደሚውል አወራ። አሳቃቸው። ፎቶ አንሺው በየመሃሉ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ሚሊም በአክብሮት ይሰማዋል። ነገሩ እየተስተካከለ መሰለውና ስኳር አሳልፎ ሰጠው።

«ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት?» አለው ሚሊ ስኳሩን ተቀብሎ። «ብርድ ላይ አይቀመጡ እንጂ እርስዎም።»

ሴትዮዋ ሲኒዋን አፏ አጠገብ እንዳደረሰች ቆመች። ጎረምሶች ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች «አንተ» ተባብለው ነው የኖሩት፤ ተጣልተው ሲኮራረፉ እንኳ።

«ይሻላል» አለ ፎቶ አንሺው። «አሁን ይሻለኛል።»

ሻዩን እስኪጨርሱ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ አወሩ። ከዚያ ሚሊ ተነሳ፣ ሴትዮዋን ስሞ ተሰናበተ፤ ፎቶ አንሺውም እስከ ውጭ በር ሸኘው።